መርዶዬን ሳልሰማ ያስጠናሁት የሙታን መዝሙር

አባቴ የሞተው ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። እኔ የሰማሁት እሑድ ጠዋት ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ልደታ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ አርባ ሰው ኳየር፣ አሥራ አራት ሙዚቀኛና ስምንት ዳንሰኛ ይዤ፣ ለሙታን ዕረፍት የሚለምን መዝሙር ሳስጠና፣ ሳርምና ስቆጣ ሰነበትኩ። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ፣ በር ላይ ከሚቀመጠው ዘበኛ ጭምር፣ የአባቴን መሞት የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ደብቄ አቆይቼ አንባቢን ማስደንገጥ ስለማልፈልግ ነው። መደበቅ ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ። ደግሞም ደክሞኛል፤ ለማስደንገጥም ጉልበት ያስፈልጋል።

መርዶ ማቆየት በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም። እንዲያውም ደግነት ነው። ፈተና ላይ ላለ ተማሪ፣ ገና ለወለደች አራስ፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው ወዲያው አይነገርም። ቀን ይመረጣል፣ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሄደው በር ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ይበላል፣ ይስቃል፣ ይሠራል። እኔም በዕድሜዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሚያንኳኩት ጋር ቆሜ አውቃለሁ። አንድ ቀን ከበሩ ወዲያ የምቆመው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የሙዚቃ መምህርት ነኝ። ቀን ቀን ትምህርት ቤት ልጆች ጆሮዬ ላይ ሲጮሁ እውላለሁ፤ ማምሻውን ደግሞ ኳየሬ አለ። ኳየሩ የሰፈር ሰው ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ አለች፣ ነርስ አለ፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ ከጌጃ ሰፈር የሚመጣ አናጢ አለ፣ ተክለ ሃይማኖት የመጋረጃ ጨርቅ የምትሸጥ ልጅ አለች። ግማሹ ኦርቶዶክስ፣ ግማሹ ጴንጤ ነው። ይህን በላቲን የሚዘመር የሙታን መዝሙር ሳመጣላቸው ኦርቶዶክሶቹ «ይሄማ የካቶሊክ ፍትሐት ነው» ብለው አጉረመረሙ። ጴንጤዎቹ ደግሞ «ለሞተ ሰው አይጸለይም» አሉ። «ማንም አይጸልይ፤ ኖታውን ብቻ በትክክል ዘምሩልኝ» ብዬ ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኘሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ውጭ አገር ባሌት ተምሮ የመጣ አንድ የዳንስ አሠልጣኝ መዝሙሩን ሰማና ካላስደነስኩት ብሎ ያዘኝ።

«ቲቸር፣ ኳየሩ ጥግ ተገትሮ አይዘምርም» አለኝ። «ከዳንሰኞቹ መሀል ይገባል። ይራመዳል፣ ይንበረከካል፣ ይነሳል። ኦርኬስትራውም በቴፕ አይደለም፣ እዚያው ከነነፍሱ።»

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲራመዱ የዋሉ ናቸው» አልኩት። «ቆመው ከዘመሩልህ ተመስገን በል።»

እሱ ግን ሰው እምቢ ሲለው የሚሰማ ጆሮ አልተፈጠረለትም። ስምንት ወር ለፋን። ዳንሰኞቹ በእኔና በኳየሩ መካከል ሲያልፉ ዘማሪዎቹ እጄን ማየት ያቅታቸዋል፤ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ የሚዘምሩት ባሶቹ ዘግይተው ይገባሉ። ሙዚቀኞቹ ከምሰሶ ጀርባ ስለተቀመጡ ቼሎው ሁልጊዜ የሚጫወተው በግምት ነው። ሆርን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያ የሚነፋ ሰው ስላጣን ሆቴል ቤት ሳክስፎን የሚጫወት ሰው ለመንን፤ ሰውየው ከልማዱ የተነሳ የሙታኑን መዝሙር የሠርግ አስመሰለው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም በየቆምንበት ደርቀን እንቀራለን፤ አንድ ዳንሰኛ ከሌላው ትከሻ ላይ ወድቆ እጁ ተሰብሮ ያውቃል።

ከሁሉም የባሰው መጨረሻው ነበር። ዳንሰኞቹ አንዷን እንደ ሬሳ ተሸክመው ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር በዝግታ ይሻገራሉ። እነሱ እስኪሻገሩ ኳየሩ አንድ ድምፅ ይዞ መቆየት አለበት፣ ሳይቆርጥ። ይህን የሚችል የሰው ሳንባ የለም። ዘዴው በተራ መተንፈስ ነው። «አጠገብሽ ያለችው ስትተነፍስ አንቺ ያዢ» እላቸዋለሁ። «እሷ ስትመለስ አንቺ ተንፍሺ። ማንም ከጎረቤቱ ጋር አብሮ አይተንፍስ። የሚሰማው ሰው የት ጋ እንደተነፈሳችሁ ማወቅ የለበትም።» ስምንት ወር ሙሉ ነገርኳቸው። ስምንት ወር ሙሉ እኩል ተነፈሱ። ድምፁ መሀል መድረክ ላይ ቀጥ ይላል፣ ሬሳዋ ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለች ትቀራለች፣ ከዚያ ሳቅ ነው። ያን ድምፅ ሳላገኝ የዝግጅታችን ቀን ቅዳሜ እንዳይደርስ ነበር የምፈራው።

አባቴ ወሊሶ ነበር የሚኖረው። ዕድሜውን በልብስ ስፌት የጨረሰ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ በልምምድ ሰዓት ይደውልልኛል፤ እኔም ስልኩን ወደ አዳራሹ ዞር አድርጌ አሰማዋለሁ።

«ልጄ፣ ሬሳ በሌለበት እንዲህ ማልቀስ ደግ ነው?» ይለኛል።

«አባባ፣ ጥበብ ነው እኮ።»

«ይሁን። ብቻ ቅዳሜ ስመጣ ከፊት አስቀምጪኝ። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።»

እኔም ከፊት ረድፍ መሀል ላይ ያለችውን ወንበር ወረቀት ለጥፌ ያዝኩለት።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሆነህ ነው ስለው ጉንፋን ነው አለ። ከዚያ ስልኬን አየና «ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ መርካቶ ልውሰድና ላሠራልሽ» አለኝ። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል። ወንድሜ በዚያ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ በዚያው ስልክ ደውሏል፣ ፎቶ አንስቶበታል፣ አንድም ቀን አላስተዋለውም። እኔ ግን ደስ አለኝ። በመጨረሻ ሰው ሆነ ብዬ መረቅሁት። በምትኩ ቁጥሩን ማንም የማያውቀው ባለ ቁልፍ ስልክ ሰጠኝና ለሥራ አዳማ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። አቅጣጫው አዳማ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ።

ከእኔ ሄዶ በቀጥታ የደወለው ለኳየሩ ጸሐፊ ነው፤ ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ለሃያ ዓመት ጓደኛዬ። ቅዳሜ እስኪያልፍ አይነገራትም አላት። እሷ ደግሞ ለኳየሩ ነገረች፣ ኳየሩ ለሙዚቀኞቹ፣ ሙዚቀኞቹ ለዳንሰኞቹ። ስለ አንድ የልምምድ ሰዓት መቀየር ተነጋግረው መስማማት የማይችሉ ሰዎች ይህን ባንድ ቀን ተስማሙበት።

ረቡዕ ዝናብ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ በቦታቸው ቆመዋል። በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የሚያወራ የለም፣ ስልክ የሚነካካ የለም። የጎደሉት ባሶቹ ብቻ ነበሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ዘጠኙም ተያይዘው ገቡ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ነው። ያንዳንዱ ሱሪም ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነክቶታል።

ወለሉ የእኔ ጦር ሜዳ ነው። ዳንሰኞቹ በባዶ እግራቸው ስለሚሠሩበት አንዲት ጠጠር ስትገባ አልወድም። እና ጮኽኩባቸው።

«ከየት ነው እንደ እርሻ በሬ ጭቃ ተሸክማችሁ የመጣችሁት? ማንን ልታስጠርጉ ነው? ልጆቹ በባዶ እግራቸው እንደሚሠሩ አታውቁም?»

የጌጃ ሰፈሩ አናጢ በዕድሜ ትልቁ ነው፤ ስድሳ አልፎታል። ዝቅ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ከጓሮ ውሃና ጨርቅ አምጥቶ ተንበረከከና ወለሉን ይጠርግ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። «ይቅርታ ቲቸር» አለኝ ቀና ሳይል። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እላያቸው ላይ ቆምኩ። «እዚያም ጥግ ላይ አለ» ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።

ከዚያ ዘመሩ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ዳንሰኞቹ ልጅቷን አንስተው መሻገር ጀመሩ፤ ድምፁም አብሯቸው ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። አልተቆረጠም። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይዞ፣ ያኛው ሲመለስ ይሄኛው ለቆ፣ ከዳር እስከ ዳር ደረሱ። ሙዚቀኞቹ ካቆሙ በኋላ እንኳ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። እኔ ምን ተሰማኝ? ኩራት። ስምንት ወር የደከምኩት በመጨረሻ ገባቸው አልኩ። ማስተማር እንዲህ ነው፣ ዘግይቶም ቢሆን ይገባል ብዬ ለዳንስ አሠልጣኙ ነገርኩት። እሱም አንገቱን አቀርቅሮ «እውነት ነው ቲቸር» አለኝ። ያ አፉ የማያርፍ ልጅ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሐሙስ አባቴ አልደወለም። ስልኬ ለነገሩ ወንድሜ ዘንድ ነው፤ በባለ ቁልፉ እኔው ልደውል ስል ጸሐፊዋ «በወሊሶ በኩል ኔትወርክ የለም አሉ፤ ጠዋት እኔም ለአክስቴ ሞክሬ ነበር» አለችኝ። አክስቷ ከሞቱ ስንት ጊዜያቸው። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ድካም ሰውን ምን ያህል እንደሚያደነቁረው ከዚህ ይታወቅ።

በዚያው ልምምድ ላይ መጋረጃ የምትሸጠዋ ልጅ መዝሙሩ መሀል አለቀሰች። አልቶ ናት፣ የሴቶቹን ወፈር ያለ ድምፅ የምትይዝ፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ የአልቶዎቹ ረድፍ በእሷ ነው የሚቆመው። ስታለቅስ ጎረቤቶቿም ተበላሹ። አቆምኳቸው።

«እዚህ ቦታ ላይ የሚያለቅሱት ዳንሰኞቹ ናቸው» አልኩ። «ዘማሪ አያለቅስም። ዘማሪ ይቆጥራል። ምን ሆነሽ ነው? አባትሽ ነው የሞተው?»

ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ጸሐፊዋ ኖታዋ ከእጇ ወደቀና ለማንሳት ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከምሰሶው ጀርባ ሳክስፎኒስቱ ሲያስል ሰማሁ። «አይደለም ቲቸር» አለች ልጅቷ። «እንግዲያው ከላይ እንጀምር» አልኩ።

ዓርብ ዕለት ሁሉም ይንከባከበኝ ነበር። አንዱ ቦርሳዬን ይቀበለኛል፣ ሌላው ወንበር ያመጣልኛል። ጸሐፊዋ ከቤቷ ምግብ ቋጥራ አምጥታ በእጇ አጎረሰችኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደገመችኝ። ሁለት ቴነር ዘማሪዎች ኮንዶሚኒየሜ ድረስ ሸኝተውኝ አራተኛ ፎቅ አብረውኝ ወጡ። ሰው ሲያረጅ ይከበራል፣ እኔም ደርሶኛል አልኩ።

ቅዳሜ ዝግጅቱ የተጀመረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ኳየሩ ወደ መድረክ ሲወጣ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ለብሰው መጡ። የተስማማነው ትከሻ ላይ እንዲያጣፉት ነበር። የዳንስ አሠልጣኙ ሳይነግረኝ ልብስ ቀየረ ብዬ ተናደድኩ። እሱ ግን አላዘዘም ነበር። ለማን እንደለበሱት የገባኝ በማግስቱ ነው።

ዞር ብዬ ወንበሯን አየሁ። ወረቀቷ እንደተለጠፈች ባዶዋን ናት። አጠገቧ የተቀመጠው ወንድሜ «ትንሽ አሞት መንገዱን አልቻለም» አለኝ። እኔ በአባቴ ላይ ተቆጣሁ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ስምንት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እያለ ሲለፈልፍብኝ ከርሞ ዛሬ ይቀራል ብዬ፣ በሞተ ሰው ላይ አኩርፌ ነው እጄን ያነሳሁት።

እንዴት እንደዘመሩ ልገልጸው አልችልም፤ ልሞክረውም አልፈልግም። ሬሳዋ ተሻገረች። ድምፁ አልተቆረጠም። ሰው አላጨበጨበም፤ ብዙ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ብቻ «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ቀብር ላይ እንደሚባለው። እጅ ነሣሁ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ደረጃው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሰው ነው፣ ጋቢና ነጠላ። ከፊት የእድራችን ሊቀመንበርና ወንድሜ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የመጣ ሰው ምን እንደያዘ ለማንም አይጠፋውም። «ማነው?» አልኩ። ወንድሜ አልቻለም። ሊቀመንበሩ «አባትሽ አርፈዋል፤ እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። «መቼ?» ስላቸው «ማክሰኞ» አሉ። «ቀብሩስ?» አልኩ። ወንድሜ ግንባሩን የበሩ ጠርዝ ላይ አሳረፈ፤ መልሱ ያ ነበር።

አላለቀስኩም። ፍራሽ ተነጥፎልኝ ተቀመጥኩ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ እኔ ደርቄ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ «አልወጣላትም፣ ይጎዳታል» እያሉ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። ውስጤ የነበረው ንዴት ብቻ ነው። ወንድሜን «አባቴን ሳልቀብር አስቀረኸኝ» አልኩት። «አባባ ሰኞ ዕለት ቅዳሜዋን እንዳታበላሹባት ብሎናል» አለኝ። እውነት ይሁን ማጽናኛ እስከ ዛሬ አላውቅም። በእኛ አገር የሟች የመጨረሻ ቃል ሁልጊዜ ደግ ነው። ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ ማለትም እስከ ዛሬ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ኳየሩ መጣ። አናጢው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። «ቲቸር፣ አባትዎ ሰው አላጡም» አለኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መቃብሩ እኛ ነን የተሸከምናቸው። አንዳችን ሲደክመን ሌላችን እየገባን፣ መሬት ሳይነኩ ደረሱ። አፈርም አልብሰናቸዋል።»

«መቼ?» አልኩት።

«ረቡዕ። ቀብሩ እንዳለቀ መኪና ይዘን ለልምምድ ደረስን። ትንሽ ዘገየን እንጂ።»

በሩ ላይ ያወለቀውን ጫማ አየሁ። ታጥቧል። ስፌቱ ውስጥ ግን ቀዩ ጭቃ አለ። የአባቴ መቃብር አፈር ልደታ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። እኔ ያልሄድኩበት ቀብር በዘጠኝ ሰው እግር ፊቴ ድረስ መጣ፤ እኔ ደግሞ ወገቤን ይዤ ቆሜ በጨርቅ አስጠረግሁት። እዚያም ጥግ ላይ አለ ብዬ በጣቴ አሳየሁ።

ያኔ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ መጥቶ ቆመ፤ አልወጣ አለ። አልቶዋ ልጅ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣችና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሐሙስ ያልኳት ነገር በመካከላችን አለ፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«የእኔ አባት ነው የሞተው» አልኳት። «አንቺ አልቅሺ፤ ከእንግዲህ አልቆጣሽም።»

እጄን ያዘችኝ። ጣቶቼ እንደ እንጨት ነበሩ። ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብላ፣ እኔ ስምንት ወር በነገርኳቸው አነጋገር፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ይተንፍሱ» አለችኝ። «እኛ ይዘናል።»

ተነፈስኩ። ጩኸቴን ሰምቶ ከአምስተኛ ፎቅ ድረስ ሰው ወረደ።